ለልጅዎ የትኛው ሕክምና ይበጃል? ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ሕክምና መምረጫ 7 እርምጃዎች

ሐኪሙ «ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት» ካለ በኋላ ቤቱ በምክር ይሞላል። አንዱ ፊዚዮቴራፒ ይላል፤ ሌላዋ ጥሩ አድርጋ የምታሽ ሴት አውቃለሁ ትላለች፤ አጎት ወጌሻ ይጠቁማል፤ ጎረቤት ጸበል ውሰዱት ይላል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ ስለ ስቴም ሴል (የሕዋስ ሕክምና) ቪዲዮ ይልካል። ሁሉም ለልጁ ደግ አስበው ነው። የወላጅ ገንዘብና ጊዜ ግን የተቆጠረ ነው። ሁሉንም ልሞክር ያለ ወላጅ ራሱም ይደክማል፣ ልጁንም ያደክማል፤ በመጨረሻም የረዳው የትኛው እንደሆነ ለይቶ አያውቅም።

ሴሬብራል ፓልሲ አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በእርግዝና ጊዜ፣ በወሊድ ወይም በሕፃንነት፣ ከሚደርስበት ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎል ጉዳቱ እየሰፋ አይሄድም፤ ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒትም እስካሁን የለም። ስለዚህ «የሚያድነው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ወላጅን ያንከራትታል እንጂ መልስ አይሰጠውም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ልጄ ዛሬ የማይችለውን የትኛውን ነገር እንዲችል እፈልጋለሁ? እዚያ የሚያደርሰውስ የቱ ሕክምና ነው?» የሚለው ነው።

ለዚህ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፦ አንድ ደብተር፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ የልጁ የሕክምና ካርድና የቀድሞ ምርመራ ውጤቶች፣ እንዲሁም ልጁን በየቀኑ የሚይዙት ሰዎች ሁሉ (እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት) አብረው የሚቀመጡበት አንድ ምሽት ይበቃል።

1. ልጅዎ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይወቁ

የሕመሙ ስም አንድ ይሁን እንጂ ልጆቹ በጣም ይለያያሉ። አብዛኞቹ፣ ከ10 ልጆች 8 ያህሉ፣ ጡንቻቸው የሚገታተርባቸው ናቸው። የቀሩት ሰውነታቸው ያለፈቃዳቸው ይንቀሳቀሳል ወይም ሚዛናቸውን መጠበቅ ያቅታቸዋል። አንዱ ልጅ የተጎዳው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው በሁለት እግሮቹ፤ ሌላው በመላ ሰውነቱ።

በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ባለ 5 ደረጃ መለያ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ደረጃ 1 ላይ ያለ ልጅ ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ፎቅ ይወጣል፤ የሚያንሰው ፍጥነትና ሚዛን ነው። ደረጃ 2 ላይ ያለው ይራመዳል፣ ረጅም መንገድና ወጣ ገባ መሬት ግን ይከብደዋል። ደረጃ 3 ላይ ያለው በክራንች ወይም በመራመጃ ድጋፍ ይሄዳል። ደረጃ 4 ላይ ያለው በአብዛኛው ዊልቸር ይጠቀማል። ደረጃ 5 ላይ ያለው አንገቱንና ወገቡን ቀጥ አድርጎ ለመያዝም ይቸገራል።

ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን «ልጄ ከ5ቱ የትኛው ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት። ለደረጃ 2 ልጅ የሚመከረው ለደረጃ 5 ልጅ ላይሆን ይችላል። ልጁ ከ2 ዓመት ካለፈ በኋላ ደረጃው ብዙ ጊዜ ስለማይለወጥም ሩቅ አይቶ ለማቀድ ይረዳል። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት፣ ልጆቹ በመቀመጥ፣ በመቆምና በመራመድ ረገድ ሊደርሱበት ከሚችሉት 90 በመቶ ያህሉን እስከ 5 ዓመታቸው ይደርሱበታል፤ ጉዳታቸው የከበደ ልጆች ደግሞ ከዚያም ቀድመው። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ መማር ያቆማል ማለት ግን አይደለም፤ የእጅ ሥራ፣ ንግግር፣ ትምህርትና ራስን መቻል ከዚያ በኋላም ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማነጻጸር ነው። አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ደግሞ አይለፍዎት፦ ልጁ ቀድሞ ይችል የነበረውን ነገር፣ መቀመጥም ሆነ መናገር፣ እያጣ ከሄደ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቴራፒ ከመምረጥዎ በፊት ወደ ሐኪም ይመልሱት።

2. አንድ ግብ በቤት ቋንቋ ይጻፉ

«እንዲሻለው» ግብ አይደለም፤ መድረሱንም አለመድረሱንም ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግብ የሚባለው በዓይን የሚታይ፣ በቤት ውስጥ የሚያገለግልና ቀን የሚቆረጥለት ነገር ነው። «ምሳ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ገበታ ላይ በራሱ ወንበር ይቀመጣል።» «ሸሚዟን ራሷ ትለብሳለች፤ ቁልፉን እኔ እቆልፍላታለሁ።» «ውኃ ሲጠማው በዓይኑ ወይም በሥዕል ያሳየኛል።» እነዚህ ግቦች ናቸው።

ልጁ መናገር ወይም መጠቆም ከቻለ ግቡን እሱ ይምረጥ። አባት «ይራመድልኝ» ሲል ልጁ የሚፈልገው ከእኩዮቹ ጋር ኳስ መጫወት ሊሆን ይችላል፤ ራሱ የመረጠውን ነገር ደግሞ ሳይሰለች ይለማመደዋል።

ከዚያ ግቡን በ10 ነጥብ ይመዝኑት። «ዛሬ ይህን ምን ያህል ይችላል?» ብለው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይስጡ፤ «እኔስ በዚህ ምን ያህል ረክቻለሁ?» ብለው ሌላ ቁጥር ይጻፉ። የካናዳ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች (የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምዱ ባለሙያዎች) ባዘጋጁት በዚህ ዓይነት መመዘኛ የ2 ነጥብ ጭማሪ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 በላይ ግብ አይያዙ።

3. ግቡን ከሚያደርሰው ሕክምና ጋር ያገናኙ

አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ በዓለም ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሕክምናዎቹን በትራፊክ መብራት ቀለሞች ከፋፈሏቸው፤ በኋላም ዝርዝሩን አድሰውታል። አረንጓዴው «ይቀጥሉ»፣ ቢጫው «እየለኩ ይሞክሩ»፣ ቀዩ «ይተዉት» ማለት ነው።

አረንጓዴ፦ በዚህ ጎራ ያሉት ልምምዶች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ሥራውን የሚሠራው ልጁ ራሱ ነው። ዋናው ግብ ተኮር ልምምድ ነው፤ ልጁ መልበስ ከፈለገ የሚለማመደው መልበስን ነው፣ በእውነተኛ ልብስ፣ በሚለብስበት ቦታ። በአንድ ጎኑ ብቻ ለተጎዳ ልጅ ደግሞ ጠንካራውን እጅ በጓንት ወይም በቀላል ማሰሪያ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ከልክሎ ደካማውን እጅ በጨዋታ ማሠራት ይረዳል፤ ሁለቱንም እጅ የሚጠይቁ ሥራዎችን ማለማመድም እንዲሁ። ጡንቻ ሲገታተር ቦቱሊነም ቶክሲን፣ በተለምዶ ቦቶክስ የሚባለው መርፌ፣ ለ3 ወር ያህል ጡንቻውን ያላላል፤ ጊዜው ሳያልፍ ካልተለማመዱበት ግን ጥቅሙ አብሮ ያልፋል። ቁርጭምጭሚቱ እየተኮማተረ ላለ ልጅ በየተወሰነ ጊዜ የሚቀየር ጀሶ እግሩን ቀስ በቀስ ያፍታታዋል። ከጀርባ አጥንት የሚወጡ የነርቭ ሥሮችን መርጦ የሚቆርጠው ቀዶ ሕክምና ለተመረጡ ልጆች፣ በተለይ ሁለት እግራቸው ለሚገታተር፣ ጥሩ ውጤት አለው፤ ግን የማይመለስ ስለሆነ በቡድን የሚወሰን ነው።

ቢጫ፦ ማስረጃቸው ደካማ የሆነ፣ አንዳንዱን ልጅ ሊረዱ የሚችሉ ሕክምናዎች እዚህ ይገባሉ። በእጅ መሳብና ማፍታታት ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ማሸትም ልጁን ሊያዝናናውና እንቅልፍ ሊያመጣለት ይችላል፤ መቀመጥን ግን አያስተምርም። እነዚህን ከመረጡ ከልምምድ ጋር አብረው እንጂ በልምምድ ፋንታ አይሁን።

ቀይ፦ ልጁ ዝም ብሎ ተኝቶ ባለሙያው ብቻ እጅና እግሩን የሚያንቀሳቅስበት የቆየ አሠራር፣ የራስ ቅልን በመዳሰስ እናድናለን የሚባለው ሕክምና እና ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ኦክሲጅን መስጠት እዚህ ይመደባሉ። ስቴም ሴል ገና በምርምር ላይ ነው፤ በታወቀ የጥናት ፕሮግራም ካልሆነ በቀር ገንዘብ አይክፈሉበት።

ሁለት ነገሮችን ብዙ ወላጆች እንደ ሽንፈት ያዩአቸዋል፦ ዊልቸርንና የሥዕል ሰሌዳን። ዊልቸር ልጁን ያሰንፈዋል፣ ሥዕል ንግግሩን ያስቀርበታል የሚል ስጋት አለ። ጥናቶች ይህን አያሳዩም። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከ4 ልጆች አንዱ አይናገርም፤ ለዚህ ልጅ «አዎ»፣ «አይ»፣ «አመመኝ» የሚልበትን ሰሌዳ ማዘግየት ዝም እንዲል መፍረድ ነው።

4. ከመክፈልዎ በፊት 5 ጥያቄዎችን ይጠይቁ

ሕክምናውን የሚሰጠው ማንም ይሁን ማን እነዚህን ይጠይቁ፦

ሀ. ይህ ሕክምና የጻፍነውን ግብ እንዴት ያደርሰዋል?
ለ. ሥራውን የሚሠራው ልጄ ነው ወይስ እርስዎ?
ሐ. ለውጡን በስንት ሳምንት እናያለን? ካላየን ምን እናደርጋለን?
መ. ጉዳቱ ምንድን ነው? ያማል?
ሠ. ቤት ውስጥ ምን እንሥራ? ጠቅላላ ወጪውስ ስንት ነው?

«በእርግጠኝነት ይራመዳል» የሚል፣ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ ወይም ሌላ ሕክምና አቁሙ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይመለሱ። «የእገሌ ልጅ ተሻለው» የሚለውም ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ በካናዳ ኩቤክ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2001 «ላንሴት» ላይ የወጣው ጥናት ነው። 111 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን በከፍተኛ ግፊት ንጹሕ ኦክሲጅን ተሰጠው፣ ሁለተኛው በመጠኑ ብቻ ግፊት የተጨመረበት ተራ አየር። የሁለቱም ቡድን ልጆች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልነበረም። ኦክሲጅኑን ብቻ ያዩ ወላጆች «ረድቶታል» ብለው ቢመሰክሩ አይፈረድባቸውም፤ የሚነጻጸረው ባይኖር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ወጌሻን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በእግሩ የማይቆም ልጅ አጥንቱ ስስ ስለሆነ የተገታተረን እግር በኃይል መሳብ ሊሰብረው ይችላል። ጸበልና ጸሎት፣ ዱዓም ቢሆን፣ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ ችግር የሚመጣው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከ4 ልጆች አንዱ የሚጥል በሽታም አለበት፤ መድኃኒቱ በድንገት ከቆመ ለሕይወት የሚያሰጋ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል።

የት ይሄዳሉ? በኢትዮጵያ ከጤና ጣቢያ ተነሥተው በሪፈር ወረቀት የሕፃናት ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መድረስ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል፣ ለተሐድሶና ለአካል ድጋፍ መሣሪያዎች በመናገሻ የሚገኘው ቼሻየር ማዕከል ይታወቃሉ። አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ልጃቸው 3 ዓመት ሳይሞላው በየግዛቱ ባለው የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል በሕግ የተደነገገ አገልግሎት አላቸው። እዚያ ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ታላቅ ወንድምን ወይም እኅትን አስተርጓሚ ማድረግ የሕክምና ቃላትን ያዛባል፣ ልጆቹንም ያስጨንቃል።

5. ልምምዱን ከቤት ኑሮ ጋር ያዋህዱት

ባለሙያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያገኙ ነው፤ የቀረው ሰዓት የቤት ነው። ባለሙያ አሳይቶዎት በቤት የሚሠራ ልምምድ በአረንጓዴው ጎራ ውስጥ ያለ ነው። ለእጅ ሥራ ግቦች የተደረገ ግምገማ እንዳሳየው አንድን ግብ ለመድረስ በጠቅላላው ከ14 እስከ 25 ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል። በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ከ4 እስከ 7 ሳምንት መሆኑ ነው።

አንድ ልምምድ ቀረብ ብለን እንይ፦ ከመቀመጥ መነሣት። ልጁ ሲቀመጥበት ጉልበቱ የሚታጠፍበትና ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ መሬቱን በሙሉ የሚነኩበት በርጩማ ይፈልጉ። ካልሲውን ያውልቁ፤ ያንሸራትታል። ከፊቱ ጠረጴዛ ያቅርቡና የሚወደውን ነገር እጁ ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ አድርገው ያስቀምጡ። ለማንሣት ሲዘረጋ ደረቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክብደቱ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ መቀመጫውም ከበርጩማው ይላቀቃል። እርስዎ ከጎኑ በርከክ ብለው ጉልበቱን ብቻ ይደግፉ። በብብቱ ይዘው አያንሡት፤ ካነሡት የተለማመዱት እርስዎ ነዎት። 5 ጊዜ ይነሣ፣ ይረፍ፣ እንደገና 5 ጊዜ። ሲቀለው ዝቅ ያለ በርጩማ ይቀይሩ።

ልዩ ወንበር መግዛት ካልቻሉ መንገድ አለ። ቤቪል ፓከር በዚምባብዌ ያስፋፋው አሠራር ካርቶንና አሮጌ ጋዜጣን በዱቄት ማጣበቂያ ደራርቦ በማጣበቅ ለልጁ ልክ የተሠራ መቀመጫና መቆሚያ ያወጣል። ልኩን ግን ባለሙያ ይውሰድ፤ የማይመጥን መቀመጫ ጀርባን ያጎብጣል። በገበያ የሚሸጠውን ባለ ጎማ የሕፃን መራመጃ ደግሞ ይተዉት። መራመድን አያስተምርም፣ ሕፃናትንም ይገለብጣል፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን በሕግ ከልክላለች።

ምገባም ልምምድ ነው። ልጁን ጋደም አድርገው ወይም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሰው አያጉርሱት፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ይበል፣ ማንኪያው ከፊት ለፊት ይምጣ። ሲመገብ የሚያስለው፣ ድምፁ ውኃ የያዘ የሚመስል ወይም ሳንባ ምች የሚደጋግመው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

በዚህ እርምጃ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት እናትን የ24 ሰዓት ቴራፒስት ማድረግ ነው። ልምምዱን ከመልበስ፣ ከመታጠብና ከመጫወት ጋር ያያይዙት፤ ሥራውንም በቤቱ ሰዎች መካከል ይከፋፈሉት።

6. ቀን ቆርጠው ይለኩ

ከመጀመርዎ በፊት ልጁ ግቡን ሲሞክር የ1 ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ። በ6ኛው ወይም በ8ኛው ሳምንት በዚያው ቦታ፣ በዚያው በርጩማ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንደገና ይቅረጹ። ሁለቱን አስተያይተው ከ1 እስከ 10 የሰጡትን ቁጥር ያድሱ። በየቀኑ ልጁን የሚያይ ዓይን ቀስ ያለ ለውጥን አያስተውልም፤ የሌለውንም ለውጥ ሊያይ ይችላል። ቪዲዮው ሁለቱንም ያርማል።

ለውጥ ካለ ይቀጥሉ ወይም ወደ ሌላ ግብ ይሻገሩ። ከሌለ በመጀመሪያ «በቂ ሰዓት ተለማምዷል?» ብለው ደብተሩን ይዩ። ተለማምዶም ካልሠራ ግቡን ያሳንሱ ወይም ሕክምናውን ይቀይሩ። ሁለት አዳዲስ ሕክምናዎችን በአንድ ሳምንት አይጀምሩ፤ የሠራው የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

7. እነዚህን ክትትሎች አይዝለሉ

ዳሌ፦ በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው ከልጆቹ 35 በመቶ የሚሆኑት የዳሌ መገጣጠሚያቸው ከቦታው ይሸሻል፤ በደረጃ 1 አንድም ልጅ አልተገኘም፣ በደረጃ 5 ግን 90 በመቶ ናቸው። መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ልጁ ማልቀስ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። የሚታየው በራጅ ብቻ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ልጆቹን በመደበኛነት በመከታተል የዳሌ ውልቃትን በእጅጉ ቀንሳለች። ልጅዎ ደረጃ 3፣ 4 ወይም 5 ላይ ከሆነ የዳሌ ራጅ በስንት ወሩ እንደሚያስፈልገው ይጠይቁ።

ሕመም፦ ከ4 ልጆች 3ቱ ሕመም አለባቸው፤ የማይናገር ልጅ ሕመሙን የሚገልጸው በማልቀስ፣ በመገታተር ወይም ምግብ እምቢ በማለት ነው። ልምምድ እምቢ ያለን ልጅ «ሰነፍ» ከማለትዎ በፊት ምን እንዳመመው ይመርመሩ።

ዓይንና ጆሮ፦ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ ልምምዱ አልሠራለት ሊል ይችላል፤ ሁለቱንም አንድ ጊዜ ያስመርምሩ።

ትምህርት፦ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት የለባቸውም። «መጀመሪያ ይራመድ፣ ከዚያ ይማራል» ብለው ትምህርት ቤትን አያዘግዩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ 3 ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የተጻፈውን አንድ ግብ፣ የ1 ደቂቃውን ቪዲዮና አምስቱን ጥያቄዎች። ከመውጣትዎ በፊትም የልጅዎን ደረጃና የዳሌ ራጅ የሚነሣበትን ቀን ካርዱ ላይ ያስጽፉ።